በሚስቴ አገር የወጣሁት አደን

ጋምቤላ ሥራ ደረሰህ ተብለህ ፊትህ የጠቆረው ሙቀቱን ፈርተህ ከሆነ ና አጠገቤ ተቀመጥ። እናንተም ቅረቡ። አጎታችሁ ቆላ የወረደ ጊዜ ምን እንደገጠመው ሳትሰሙ አትበተኑም።

ነሐሴ ሊያልቅ ነው፤ በቆሎው እሸት ይዟል። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ቢሆነው ነው። እኔና ሚስቴ ለሊሴ ከደጋው ከደንዲ ተነቅለን ባኮ ከወረድን ገና ዓመት አልሞላንም። የወረድነው አባቷ ሞተው እናቷ ብቻቸውን ስለቀሩ ነው። እዚያ መሬቱ ሰፊ ነው፤ ወንዝም አለው። የእኔ የደንዲ መሬት ደግሞ ከወንድሞቼ ጋር ተካፍለነው ለጥማድ በሬ መዞሪያ እንኳ አልበቃ ብሎ ነበር። በሚስት አገር ጎጆ የወጣ ወንድ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። እሱንም ዋጥ አድርጌ ሄድኩ።

ጌዶን አልፈን ቁልቁለቱን ስንያያዘው አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ኮቱን ማውለቅ ጀመረ። እኔ አላወለቅኩም። እጃጂ ስንደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል። ባኮ ስንወርድ ደግሞ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው፤ አፍና አፍንጫዬን በረጠበ ፎጣ የሸፈኑኝ መሰለኝ። ለሊሴ ግን ጫማዋን አውልቃ እየሳቀች ወደ እናቷ ሮጠች። ያን ሳቅ ደንዲ ሳለች ሰምቼው አላውቅም።

ክረምት ሲገባ ይብሳል። ዝናቡ ሌሊት ሲጥል ያድርና ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ መሬቱ እንደተከደነ ድስት ይተናል። የታጠበ ልብስ አይደርቅም፤ የቆዳ ዕቃው ሁሉ ይሻግታል። እንቅልፍ የለም። ደንዲ ጋቢ ደርቤ የማድር ሰው እዚያ አንሶላ ከበደኝ።

ዲንሳ የሚባል ጎረቤት ነበረን፤ ከለሊሴ ጋር አብሮ ያደገ፣ የእኔ እኩያ። ቀጠን ያለ ረጅም ሰው ነው። በእኩለ ቀን ፀሐይ በቆሎ ሲኮተኩት ይውልና ተነስቶ እየዘፈነ ይሄዳል። እኔን ከማግባቷ በፊት ሽማግሌ ልኮባት እንደነበር የነገረችኝ ራሷ ናት። ደንዲ ሆኜ ስሰማው ቀልድ ነበር። እዚያ አጥሩን ተሻግሮ «አሻማ፣ ለሊሴ!» ብሎ ሰላም ሲላት ስሰማ ግን ቀልድነቱ ቀረ።

ከዚያ ወባ ጣለኝ። አጎበር ውስጥ ሆኜ እየተንቀጠቀጥኩ ከውጭ ጅራፍ ሲጮህ እሰማለሁ። ዲንሳ ነው፤ በእኔ በሬዎች የእኔን መሬት ያርሳል። እኔን በስንት ጩኸት የሚታዘዙኝ በሬዎች ለእሱ በፉጨት ይዞራሉ። አማቴ «ጌታ ይባርክህ!» ይሉታል። ለሊሴ ውሃ ታቀብለዋለች። ጥርሴን ነክሼ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ሰው ሲረዳህ መናደድ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

እንዲህ ባለሁበት ነው ከርከሮው የመጣው። አንድ ጥርሱ የተሰበረ ሽማግሌ ከርከሮ ነው። ሌሊት ሌሊት እየገባ የሦስት ቤት በቆሎ አወደመ፤ አንዲት ውሻም ሆዷን ቀደዳት። ቀበሌው ግደሉት አለ። የቀበሌው ታጣቂ ኦቦ ኩምሳ፣ ምንሽር ጠመንጃቸውን ይዘው ሊመጡ ተስማሙ። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። ለምን ብትሉ፣ ደንዲ ውስጥ በአደን የሚቀድመኝ አልነበረም። ለሊሴም ታውቃለች። አሁን ታየኛለች አልኩ።

ገና ጎህ ሲቀድ ደጃችን ላይ ተሰባሰብን። ዲንሳ ከላይ እስከ ታች አየኝ። ወፍራሙን ካኪ ኮቴንና ቡትስ ጫማዬን ለብሻለሁ።

«ረጋሳ፣ ኮቱን ተወው። ሳይጠማህ ጠጣ። መዳፍህን ደግሞ በአመድ እሸው፤ እዚህ አገር ላብ ጦር ያንሸራትታል» አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወይም ከላይ ከዋርካው ሥር ሆነህ ብትጠብቅስ? ከሕመም ገና መነሳትህ ነው።»

«ጦር አያያዝ የምታስተምረኝ አንተ ነህ?» አልኩት።

ለሊሴ በሩ ላይ ቆማለች። «ዲንሳ የሚልህን ስማ እንጂ» አለች።

ከዚያ በኋላ ኮቴን ላወልቅ ኖሯል? ቁልፉን እስከ አንገቴ ቆለፍኩት።

ከበቆሎው ጫፍ ዱካውን አገኘነው። ጭቃው ላይ የታተመው የሰኮናው ምልክት ውስጥ ውሃው ገና እየሞላ ነው፤ ማለፉ ገና ነው ማለት ነው። የተነከሰው እሸት ወተቱ አልደረቀም። ዱካው ወደ ወንዙ፣ ከሰው ቁመት በላይ የበቀለ ሳር ውስጥ ይገባል። ኦቦ ኩምሳ በዳርቻው ካለው ኩይሳ ላይ ወጡ። ዲንሳ ውሾቹን ይዞ በወንዙ በኩል ዞረ። እኔ ሳሩን ለሁለት የከፈለችውን ጠባብ መንገድ ያዝኩ። ሲባረር የሚወጣበት እሷ እንደሆነች ዱካ የሚያነብ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም ሌላ ሰው እንዲይዛት አልፈለግኩም።

ፀሐይዋ ወጣች። ሳሩ ውስጥ ንፋስ የሚባል የለም። ከታች እንፋሎት፣ ከላይ እሳት። መጀመሪያ ላቡ ዓይኔ ውስጥ እየገባ አቃጠለኝ። ውሃዬን ጨረስኩ። ቆይቶ ራሴን ይወግረኝ ጀመር። ከዚያ ግንባሬን ብነካው ደርቋል። ላቡ ሲቆም ለመድኩት ብዬ ደስ አለኝ። ልጆቼ፣ ይቺን ያዙልኝ፦ በዚያ ሙቀት ላብ ሲቆምባችሁ ሰውነታችሁ እጅ መስጠቱ ነው። ሁሉን ትታችሁ ጥላ ፈልጉ። ይህን ያኔ የሚያውቀው ዲንሳ ነበር፤ እሱን ደግሞ አልጠይቅም።

«ደህና ነህ?» ብሎ ከወዲያ ጮኸ።

«ደህና ነኝ!» አልኩ። ሳሩ ግን ዓይኔ ላይ ይዞር ነበር።

ውሾቹ በአንዴ ተንጫጩ። ምንሽሩ ተተኮሰ። ኦቦ ኩምሳ፣ «ዱፌ! መጣ! ቆስሏል፣ ተጠንቀቁ!» ሲሉ ሰማሁ። ሳሩ እየተሰነጠቀ ወደ እኔ መጣ፤ ቀድሞ የታየኝ የጀርባው ጋማ ነው። ጦሬን ዝቅ አድርጌ ጠበቅኩት። እንደ ጥንቱ ጊዜውን ጠብቄ ወጋሁ። ነገር ግን መዳፌ ውስጥ የቀረው ላብ እንጨቱን አንሸራተተው፤ ስለቱ ትከሻውን ፍቆ አለፈ። ወዲያው ጭኔ ላይ እንደ ጋለ ብረት የሆነ ነገር ገባ። ወደ ላይ ተወረወርኩና በጀርባዬ ወደቅኩ። ኮቱ ጠፍንጎኝ መገልበጥ አቃተኝ።

ከርከሮው ጥቂት አልፎ ተመለሰ። ሲያናፋ፣ ከተሰበረው ጥርሱ ጎን አረፋና ደም ሲወርድ አየዋለሁ። ያን ጊዜ እንኳ ምን እንዳሰብኩ ታውቃላችሁ? ስሞት ለሊሴን ማን እንደሚያገባት ነው ያሰብኩት።

ዲንሳ ከጎን ወጣና ከፊት እግሩ ኋላ ወጋው። እንስሳው አልወደቀም፤ ጦሩን እየገፋ ወደ እሱ ወጣ። ዲንሳ አልለቀቀም። ቢለቅ በእኔ ላይ ነው የሚመጣው። ጥርሱ እጁ ላይ ሲደርስ አየሁ፤ አጥንት ሲሰበር ሰማሁ። ሁለቱም እኩል በጉልበታቸው ወደቁ። ከርከሮው ተንፈራገጠና ቀረ።

የዲንሳ ቀኝ እጅ ሁለት ጣቶቹ ተንጠልጥለው ነበር። በነጠላው ጠቀለለው። የእኔንም ጭን በመቀነቱ አሠረና ኮቴን በቢላ ቀዶ ጣለልኝ። ከዚያ አዘለኝ። ኦቦ ኩምሳ ከኋላ እየደገፉኝ ወደ ወንዙ ወረድን። ራሴ ይቃጠላል፤ አፌን መግታት አልቻልኩም።

«አሁንም ትፈልጋታለህ?» አልኩት ጀርባው ላይ ሆኜ።

ጥቂት ሄደ። «ፈልጌያት ነበር። እሷ አንተን መረጠች» አለ። ትንፋሹን ሰብስቦ ደግሞ፣ «አሁን ዝም በል፤ ከባድ ነህ።»

ወንዙ ዳር ጥላ ሥር አስተኝተው ውሃ ሲያፈሱብኝ ጩኸቱን የሰማ ሰው ሁሉ መጣ። ለሊሴ ከፊት ነበረች፤ ባዶ እግሯን፣ ፀጉሯ ተፈትቶ። ዲንሳ ደም የነከረ እጁን ታቅፎ መንገዱ ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ደርሳ ቆም የምትል መስሎኝ ነበር። አላየችውም። አልፋው መጥታ አንገቴ ላይ ወደቀች፤ «ረጋሳዬ፣ ረጋሳዬ!» እያለች።

እኔ ከትከሻዋ በላይ ዲንሳን አየሁት። ሲያየን ነበር። ፊቱን ወዲያው ወደ ወንዙ አዞረ፤ ቢሆንም አየሁት። ያን ፊት አውቀዋለሁ። አጎበር ውስጥ ተኝቼ ጅራፉን ስሰማ የእኔም ፊት ያው ነበር። እኔ በእሱ የቀናሁት ለአንድ ክረምት ነው። እሱ ግን ስንት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ኖሮ፣ ያንኑ ይዞ መጥቶ ነው መሬቴን ያረሰልኝ።

«ሂጂ፣ እጁን እሰሪለት» አልኳት።

ቁስሌ ዳነ። ሰውነቴም ቀስ በቀስ አገሩን ለመደ። ፀሐይ ሳትወጣ ሥራ ጀምሬ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ሥር መቀመጥ፣ ውሃዬ ውስጥ ጨው ጣል ማድረግ፣ ቀስ ብሎ መራመድ ተማርኩ። አንተም ትለምደዋለህ፤ ብቻ አገሩ ያሳደገውን ሰው ጠይቅ፣ በተለይ ልትጠይቀው የማትፈልገውን። ዲንሳ በኋላ ሌላ አገባ፤ ሽማግሌ ሆኜ የሄድኩለት እኔ ነኝ። ያኔም እየሄድኩ ደስታዬ ለእሱ ይሁን ለራሴ አላወቅኩትም። ለሊሴ ስሙን ስትጠራ ዛሬም ትንሽ ይቆረቁረኛል፤ አልዋሻችሁም። ግን ገበያ ላይ ስንገናኝ ሮጬ ቀድሜ የምጨብጠው ያን ሦስት ጣት የቀረውን እጅ ነው።