ከነጩ መስመር የምትመለሰው ፀሐይ

ሁለቱ እህትማማቾች በአንድ ንጋት የተወለዱ መንትዮች ናቸው። በልጅነታቸው እናታቸው እንኳ እየተምታታባት አንዷን ሁለቴ አጉርሳ ሌላዋን በረሃብ ታስለቅሳት ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ሲሞላቸው ግን የሚያምታታቸው ሰው ጠፋ።

በሩብ ሰዓት የምትበልጠው ታላቋ የመንገድ መስመር ቀቢ ናት። አዲስ አስፋልት ላይ የቀለም ማሽኗን እየገፋች፣ ዓይኗን ከነጩ መስመር ሳትነቅል አጎንብሳ ትውላለች። ታናሿ መዝገብ ቤት ነው የምትሠራው፤ መስኮት በሌለው ምድር ቤት፣ በፋይሎች መካከል። በጋ መግባቱን የምታውቀው ባለጉዳዮች ላባቸውን ሲጠርጉ አይታ ነው።

ለወንድማቸው ሠርግ ልብስ ሊያሰፉ የገቡ ቀን፣ ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ታናሿን አየና ወደ ታላቋ ዞረ።

«እናትየው፣ እርስዎ ይምረጡላት እንጂ! ልጅ መቼም ለዓይኑ ነው የሚሮጠው።»

«ኧረ መንታዬ ናት!» አለች ታናሿ፣ ሆዷን ይዛ እየሳቀች።

ታላቋም ለወጉ ሳቀች። ያ «እርስዎ» የሚሉት አክብሮት እንደዚያ ቀን አንጀቷን ቆርጦት አያውቅም። ማታ መስታወት ፊት ቆመች። ማዲያቱ ከጉንጯ እስከ አፍንጫዋ እንደ ፈሰሰ ሻይ ተንጣሏል። ከኋላዋ የእህቷ ፊት፣ ያው የራሷ ፊት፣ ማንም ሳይነካው ተቀምጦ የኖረ ፊት፣ ብልጭ አለ። ይህን ፊት እኮ እኔም ተሰጥቶኝ ነበር፤ የኔን ድርሻ ማን በላው? ስትል አሰበች።

በማግስቱ ማሽኗን እየገፋች አንጎራጎረች፦

ፀሐይ ፍረጂ እንጂ፣ እንዴት ታዳያለሽ፣
ለአንዷ ጥላ ሰጥተሽ፣ አንዷን ታቃጥያለሽ።

«ደግሞ ማንን ነው የምትከሺው?» አላት ፎርማኑ።

«ፀሐይን ነዋ።»

«እሷ እንደኛ አለቃ የላትም እቴ፤ ለማን ልታመለክቺ ነው?»

ባርኔጣዋን እስከ ቅንድቧ ብትደፋ፣ ሻሽ ብትጠመጥም ለውጥ የለም። ስለዚህ ምስጢሩ እህቷ ሁልጊዜ ወደ መኝታዋ ስትሄድ በጣቷ ጫፍ እየነካች ከምትቀባበት ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ነው ብላ ቆረጠች። ጠዋት እህቷ ሻወር ስትገባ ክዳኑን ከፍታ፣ እንደ ሌባ እየተቻኮለች፣ ፊቷን በደንብ ለቅልቃ ወደ ሥራዋ ወጣች። ሦስት ቀን እንዲህ አደረገች። በአራተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ፊቷ ሚጥሚጣ የተነሰነሰበት ያህል ነደደ።

«ቅባቴን ነክተሻል እንዴ?» አለች ታናሿ ያበጠውን ፊት ስታይ።

«ብነካስ? ቁንጅናሽ ጎደለብሽ?»

«አንቺ ሞኝ! እሱ እኮ ለብጉሬ የታዘዘልኝ ነው! ቆዳ ያሳሳል። ተቀብተውት ፀሐይ ላይ አይወጣም!»

እጇን ይዛ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። የቆዳ ሐኪሟ ስለ ሥራዋ አንድ በአንድ ጠየቀቻትና ራሷን ነቀነቀች። «ባርኔጣው ከላይ የሚመጣውን ፀሐይ ይከለክልልሻል። ነጩ ቀለም ከሥር የሚመልስብሽንስ? ፊትሽን እየደፋሽለት!» አለቻት። ቃጠሎው እስኪድን ከሥራ አሳረፈቻት። ስትመለስ ደግሞ የፀሐይ መከላከያ ቅባት በየሁለት ሰዓቱ፣ አገጭና አፍንጫ ሥር ሳይቀር እንድትቀባ አዘዘች።

ጣጣው እጇ ነበር፤ ቀለምና ቤንዚን የማይለየው እጅ ፊት አይነካም። ጠዋት ከቤት ተቀብታ ትወጣለች፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ማን ይቀባት? «መዝገብ ቤቱ ቅርብ ነው፤ በምሳ ሰዓት እየመጣሁ እኔ እቀባሻለሁ» አለች ታናሿ።

ቃሏንም ጠበቀች። በየቀኑ ባዶ ራሷን እየሮጠች ትመጣለች። ታላቋ በቀለም መኪናው ጥላ ሥር ቁጭ ብላ አገጯን ታነሳለች፤ እህቷ ጠራራው ላይ ቆማ፣ እንደ ሕፃን እያባበለች ትቀባታለች። ሰኞ ዕለት ታላቋ ቀና ስትል የእህቷ አፍንጫ ቀልቶ ጫፉ መላጥ መጀመሩን አየች። ደስታ፣ ማር የመሰለ አስቀያሚ ደስታ፣ በደረቷ ውስጥ ተንቆረቆረ። ሁለት ሳምንት ብቻ ትምጣ፤ ከዚያ ደግሞ እሷን «እርስዎ» ይበሏት፣ አለች በልቧ። ጥላው ለሁለት ይበቃ ነበር። ማክሰኞም፣ ረቡዕም ፈቀቅ አላለችም።

ሐሙስ ታናሿ ላቧ ጠብ እያለ፣ የእህቷ ጉንጭ ላይ እፍ አለችበት።

«አቃጠለሽ እንዴ? አመመሽ?»

ያ ትንፋሽ አሸነፋት። «ከነገ ጀምሮ አትምጪ» አለች።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ሳሙና ይዤ እመጣለሁ፤ እጄን ፈትጌ ራሴ እቀባለሁ። አሁንም ነይ፣ ወደዚህ ግቢ።» ፈቀቅ አለችላት። ትከሻ ለትከሻ ተጣብበው ተቀመጡ። «አፍንጫሽንም ቀቢው፤ ተልጧል።»

ታናሿ ደንግጣ አፍንጫዋን ዳሰሰች። «ውይ! ከመቼ ጀምሮ?»

ታላቋ በቀለም የተለወሰ እጇን አየች። አላውቅም ማለት ይቀላት ነበር።

«ከሰኞ» አለች።