የጎረቤቴ ዳምፕሊንግና የእኔ ዝምታ

ብሬብሩክ የሚባል የፈረንጅ አገር ሰፈር ውስጥ ከአክስቴ ጋር የምኖርበትን ቤት ከጎረቤታችን ቤት የሚለየው የእንጨት አጥር ነው። ከአጥሩ ጣውላዎች አንዱ ወልቋል። ቤቱን የሚያከራየን ኤጀንት መጥቶ እንዲያሠራው ብዙ ጊዜ ተነግሮት አልመጣም። ከጎረቤቴ ጋር የተዋወቅነው በዚያ ክፍተት በኩል ነው። ቻይናዊት ናቸው፤ ከሰባ ዓመት ያለፉ ይመስለኛል። ብቻቸውን ይኖራሉ። እኔ እማማ እላቸዋለሁ። ምን ማለት እንደሆነ ስነግራቸው ወደውት፣ አሁን በክፍተቱ ሲጠሩኝ ራሳቸውም «እማማ! እማማ!» እያሉ ነው።

እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም። ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። እዚህ አገር ስመጣ ደግሞ የነበረችኝ ትንሽ ድፍረት አለቀች። የምሠራው ላውንደሪ ውስጥ ነው፤ የሆቴል አንሶላ አጥፋለሁ። ሱፐርቫይዘሩ ሲያናግረኝ ገባኝም አልገባኝም «የስ» እላለሁ። የባስ ሾፌር ሰላም ሲለኝ እንኳ ፊቴ ይግላል። እማማ ቤት ግን እንደዚያ አልሆንም ነበር። የእሳቸውም እንግሊዝኛ እንደ እኔው ስብርብር ያለ ነው። አንድ ቃል እሳቸው፣ አንድ ቃል እኔ እንልና የቀረውን በእጃችን እንጨርሰዋለን። ሻይ ይቀዱልኛል፣ ድመታቸው ጭኔ ላይ ትወጣለች፣ የአገራቸውን ቴሌቪዥን አብረን እናያለን። በዚህ አገር ሳላፍር የምቀመጠው እሳቸው ኩሽና ውስጥ ብቻ ነበር። በኋላ ለሆነው ነገር ሁሉ ምክንያቱ ይሄ ነው፤ ያንን ቤት እንዳላጣ ፈርቼ ነው።

ጉርሻ ያስተማረቻቸው አክስቴ ናት። ለፋሲካ ጠርተናቸው ዶሮውን በሹካ ሲያሳድዱ አየችና፣ «ኧረ እማማ፣ ይሄ በሹካ አይሆንም!» ብላ ጠቅልላ አጎረሰቻቸው። አፋቸው ሞልቶ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አክስቴ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ ደገመቻቸው። ከዚያ ወዲህ እማማ ያገኙትን ሁሉ ያጎርሱኝ ጀመር። ማንደሪን ይልጡና በአጥሩ ክፍተት እጃቸውን ሰድደው «ጉሻ!» ይላሉ። እኔም እጎርሳለሁ። ጉርሻ እምቢ ይባላል እንዴ?

አንድ ቅዳሜ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። «እሁድ ልጄ፣ ሚስቱ፣ ይመጣሉ። ዳምፕሊንግ። አንቺ ትረጂኛለሽ፣ ከዚያ አብረን እንበላለን» አሉኝ። እሺ አልኩ። ዳምፕሊንግ በቀጭን ሊጥ ተጠቅልሎ የሚቀቀል ሥጋ መሆኑን አውቃለሁ፤ በምን ሥጋ እንደሚሠራ ግን አልጠየቅኩም። ሁለት ቃል ነበር፤ «ምን ሥጋ?» ማለት ብቻ። ለጠሪ እንደዚያ ብሎ መጠየቅ ግን እኛ ዘንድ ነውር ይመስላል።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ ነጭ ሸሚዜን ሳልቀይር ሄድኩ። ጥቅል ጎመኑን አድቅቄ እንድከትፍ፣ ጨው ነስንሼ እንድተወው፣ ከዚያም ውሃውን በጨርቅ እንድጨምቀው አሳዩኝ። ካልተጨመቀ ሊጡን ያረጥበዋል፣ ድስት ውስጥም ይፈነዳል። እየጨመቅኩ ሳለሁ እማማ ከፍሪጅ የተፈጨ ሥጋ አወጡ። ማንበብ አላስፈለገኝም። ማሸጊያው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ጥግ ላይ ትንሽ አሳማ ተስሏል።

እኛ ቤት የአሳማ ሥጋ አይበላም። ማዕድ ላይ ስሙም አይነሳም። በዚያን ጊዜ እጄን ታጥቤ «እኔ ይሄን አልበላም» ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ግን በልቤ «እጅ ይታጠባል፤ ሲቀርብ በልቻለሁ እላለሁ» አልኩና ጎመኔን መጭመቅ ቀጠልኩ።

እማማ በሥጋው ላይ ዝንጅብል፣ አረንጓዴ ሽንኩርት፣ ሶይ ሶስና የሰሊጥ ዘይት ጨምረው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አማሰሉት። ወዲያና ወዲህ ከተማሰለ አይያያዝም። ሊጡን ትንንሽ አድርገው ካድበለበሉ በኋላ በመዳመጫ ይድጡታል፤ መሀሉ ወፈር፣ ዳሩ ሳሳ ይላል። የእኔ ሥራ መሙላትና ማጠፍ ነበር። የመጀመሪያው በጎኑ ወደቀ።

«ይሄ ሰክሯል!» አሉ እማማ። ቀጥሎ የሠራሁትን ደግሞ በጣታቸው ነካ አድርገው፣ «ይሄ የሰካራሙ ወንድም!»

ሳቅኩ። ልጅ ሆኜ ሳምቡሳ አጥፍ ስለነበር እጄ ቶሎ ለመደ። ዳሩን በውሃ እያረጠብኩ፣ እጥፋቱን ወደ አንድ ወገን እየደረብኩ ስሠራ ዳምፕሊንጎቹ ቀጥ ብለው ይቀመጡ ጀመር። እማማ አንዱን አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አዩና፣ «የልጄ ሚስት ካንቺ ትማር!» አሉ። ደስ አለኝ። አሳማውን ረሳሁት ማለት እችላለሁ።

ማጥቀሻውን እኔው እንድሠራ ተዉልኝ። ሶይ ሶስ፣ ጥቁር አቼቶ፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ቆንጠር ያለ ስኳር። እናቴ ወጥ እንደምትቀምሰው መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ላስኩት። የሚያቃጥል ነገር ይጎድለዋል። በአጥሩ ሾልኬ ከቤታችን ሚጥሚጣ አምጥቼ ጨመርኩበት። እማማ ቀምሰው አስነጠሳቸው፣ ከዚያ አውራ ጣታቸውን አነሱልኝ።

ልጃቸውና ሚስቱ ሲመጡ ዳምፕሊንጉ ውሃው ላይ መንሳፈፍ ጀምሮ ነበር። ሁላችንም ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጥን። እማማ ሳይቀመጡ አንዱን በእጃቸው አነሱ፣ ማጥቀሻው ውስጥ ነከሩት፣ ለልጃቸው በቋንቋቸው አንድ ነገር ነገሩት። እዩ፣ በእነሱ አገር እንዲህ ነው የሚደረገው ያሉት መሰለኝ። ምራታቸው ስልኳን አንስታ ወደ እኔ አዞረች።

«ጉሻ!» አሉ እማማ።

አፌ አልተከፈተም። ዳምፕሊንጉ ከንፈሬን ነካ። ማጥቀሻው በአገጬ ወርዶ ነጭ ሸሚዜ ላይ ተንጠባጠበ። እማማ ያቃጠለኝ መስሏቸው «ፉ፣ ፉ» ብለው አቀዘቀዙና እንደገና ሰጡኝ። መድኃኒት እምቢ እንደሚል ሕፃን ፊቴን አዞርኩ። እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ምራታቸው ቀስ ብላ ስልኩን አወረደች። ለአንድ ትልቅ ሰው በልጃቸው ፊት ከዚህ የበለጠ ምን ውርደት አለ?

ልጃቸው እኔንና ሳህኑን ተራ በተራ አየና ግንባሩን መታ። «አህ! ሙስሊም ነሽ?»

ኦርቶዶክስ የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ። ነገር ግን ያንን ብል «ክርስቲያን አሳማ ይበላ የለም እንዴ?» ብሎ ይጠይቀኛል፤ ለዚያ መልስ የሚሆን እንግሊዝኛ የለኝም። አዎ ማለት አጭር ነበር። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

ልጁ ለእናቱ ነገራቸው። እማማ «ሶሪ! ሶሪ!» እያሉ ሳህኑን ከፊቴ አነሱ፣ ሹካዬን አጠቡ፣ ሩዝና የተቀቀለ ጎመን አቀረቡልኝ። ማተቤ በሸሚዜ ኮሌታ ሥር ነበር። እንዳይታይ በግራ እጄ ኮሌታዬን ጨብጬ፣ በቀኝ እጄ ሩዙን በላሁ። እስክነሳ ድረስ ያንን እጄን አላወረድኩም።

ሙስሊም መባሌ አይደለም ያሳፈረኝ። የወሎ ልጅ ነኝ፤ ከአጎቶቼ ገሚሶቹ ሙስሊም ናቸው። በሠርጋችን የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ለየብቻ ይታረዳል፣ ሁሉም የየራሱን በልቶ አብሮ ይጨፍራል። አጎቶቼ ማን እንደሆኑ ተጠይቀው አንገታቸውን ደፍተው አያውቁም። እኔ ነኝ ለአንድ ሳህን ብዬ የደፋሁት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በራችን ተንኳኳ። እማማ በአጥሩ በኩል አልመጡም፤ እንደ እንግዳ በፊት ለፊቱ በር ነው የመጡት። የተሸፈነ ሳህን ይዘዋል። አክስቴ ከፈተች፣ እኔ ከኋላዋ ቆምኩ።

«ዶሮ!» አሉ እማማ ደስ ብሏቸው። «አዲስ ድስት። አሳማ የለም።» እንዳንጠራጠር ብለው ዶሮው ከታሸገበት ዕቃ ላይ የላጡትን ወረቀት በሳህኑ መሸፈኛ ላይ ለጥፈውታል። ሐላል ይላል። ለእሱ ብለው ባስ ቀይረው ፉትስክሬይ የሚባል ሌላ ሰፈር ድረስ ሄደዋል። ይህን እየነገሩን ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ጉልበታቸውን ያሹ ነበር።

አክስቴ ሳህኑን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ጎንበስ ብላ አመሰገነች። ከዚያ ፈገግታዋን ሳትቀንስ በአማርኛ፣ «ይሄ ወረቀት ለማን ነው የተለጠፈው?» አለችኝ።

«ለኔ።»

«ለምን?»

እጄ ወደ ኮሌታዬ ሄደ።

«አንቺ፣ መቼ ነው የሰለምሽው?»

«እትዬ፣ በኋላ...»

«በኋላ የለም። ሴትዮዋ በዚህ ጉልበታቸው አገር ዞረው መጥተዋል፤ እኔ ደግሞ እንኳን ልበላው ላስመስል አልችልም። ይሄን ወጥ የሠራሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺው አውጪው።» ይህን ሁሉ ስትል ለእማማ እየሳቀችላቸው ነበር።

የአሳማው ሲገርም፣ ለእኔ ተብሎ የተገዛውም ዶሮ ለእኛ አይሆንም። አክስቴ ሐላል ሥጋ በልታ አታውቅም፤ እኔም እንደዚያው ነው ያደግኩት። እማማ ግን «ብሉ፣ ብሉ፣ ሙቅ ነው» ይላሉ።

ደረጃው ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ማተቤን ከኮሌታዬ ሥር ጎትቼ አወጣሁና ትንሿን የእንጨት መስቀል አሳየኋቸው። «ክርስቲያን» አልኩ።

እማማ መስቀሉን አዩ። ወረቀቱን አዩ። እኔን አዩ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ልጃቸው ጋ ደወሉ፣ ያዩትን ነገሩትና ድምፁን ከፍ አድርገው በመካከላችን አስቀመጡት።

«ሙስሊም ነኝ አላልሽኝም?» አለ ልጁ።

«አላልኩም። ራሴን ነው የነቀነቅኩት።»

«ታዲያ ለምን?»

«አላውቅም። እኛ አሳማ አንበላም። ሐላልም... እኛ አንበላም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የምትበሉት?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ በረንዳውን ሞላው። አክስቴም አፏን በእጇ ያዘች። እማማ አልሳቁም። በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ልጁ ሳቁን አቆመ።

«እናቴ የምትልሽ፣ እሷ ቤት ስትመጪ እንዲህ አዎ ያልሽው ሌላ ነገር አለ ወይ ነው።»

የለም ልል ነበር። ቀና ስል እማማ እያዩኝ ነው፤ የተቆጡ አይመስሉም፣ የሚጠብቁ ይመስላሉ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ።

«ሻዩ» አልኩ። «ይመረኛል።»

ልጁ ተረጎመ። እማማ «አህ» አሉ። «ሌላ?»

«ድመቷ። ጭኔ ላይ ስትወጣ እፈራለሁ።»

«አህ። ሌላ?»

«ቴሌቪዥኑ። አይገባኝም።»

«ኧረ ይቺ ልጅ ጉድ ናት!» አለች አክስቴ ከኋላዬ።

እያንዳንዱን ስናገር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። እማማ እስክጨርስ ሰሙኝ። ለመቆም ትከሻዬን ተደገፉ። ሳህኑን ከአክስቴ እጅ ወሰዱና፣ «ልጄ ይበላዋል፣ ችግር የለም» አሉ። ከዚያ ክንዴን ያዙ። ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ። ድመቷን ወደ ጓሮ አስወጥተው በሩን ዘጉባት።

ልጃቸው አሁንም ስልኩ ላይ ነው። እማማ ሊጥ የሚያቦኩበትን ሳህን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ፍሪጁን ከፈቱ። ዞረው አዩኝ፣ ለስልኩም አንድ ነገር ተናገሩ።

«ምን ይግባበት ትልሻለች» አለ ልጁ። «እሷ አትመርጥልሽም።»

«ጎመንና እንቁላል» አልኩ።

«አልሰማችሽም። ጮክ በይ።»

ጮክ ብዬ አልኩት። ድምፄ ኩሽናው ውስጥ ሲያስተጋባ ሰማሁት፤ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር። አፈርኩ። እማማ ፍሪጁን እንደከፈቱ ቆመው፣ ቅዝቃዜው እግራቸው ላይ እየወረደ፣ እስክጨርስ ይጠብቁኛል።

«ዝንጅብልም» አልኩ። «ብዙ ያልሆነ።»