ያልቀየርኩት ፈሳሽ

አረብ አገር፣ ደማም ከተማ ላብራቶሪ የገባሁ ዕለት አለቃዬ ዶክተር ሙኒራ ምንም አላስነኩኝም። ከኋላቸው ቆሜ ሲሠሩ እንዳይ ብቻ አዘዙኝ። ደሴ ስድስት ዓመት ደም የመረመርኩ ሴት ነኝ፤ አልዋሽም፣ ተናድጄ ነበር።

የምንሠራው ከአይጥ አንጎል በወጡ አስትሮሳይቶች ነው፤ ነርቮችን የሚመግቡና የሚደግፉ ሴሎች ናቸው። ኒውሮፔፕታይድ የሚባለውን የነርቭ መልእክት በላያቸው ባለው ተቀባይ ይሰማሉ። ጥያቄያችን፣ መልእክቱ ሦስት ቀን ሳያቋርጥ ቢመጣባቸው መስማታቸውን ይተዋሉ ወይ የሚል ነበር። ነጋ ጠባ የሚጨቀጭቅ ሰው ሰሚ ያጣ የለ?

ሴሎቹ ካሉባቸው ሳህኖች ግማሾቹ ፔፕታይድ ያገኛሉ፤ ግማሾቹ ለማነጻጸሪያ ሳያገኙ ይቀመጣሉ። ፔፕታይዱ ቶሎ ስለሚበላሽ ሴሎቹ የሚያድጉበትን ፈሳሽ በየቀኑ እቀይራለሁ። በአራተኛው ቀን ሁሉንም አጥበን አዲስ ፔፕታይድ ስንጨምር ሴሉ መልእክት ሲሰማ በሚበራው ቀለም ማነጻጸሪያዎቹ በማይክሮስኮፑ ቦግ ብለው ታዩ። ፔፕታይድ የከረመባቸው ለይምሰል ብልጭ አሉ። ሦስት ጊዜ ደገምነው፣ ያው ነው።

ዶክተር ሙኒራ ውጤቱን እሑድ ለኃላፊዎች ሊያቀርቡ፣ የእኔም ውል እዚያው ሊታደስ ተቀጠረ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሊያልቅ አንድ ወር ቀርቶት ነበር። ልጆቼ እዚያው አጠገብ ኾበር ከተማ ትምህርት ጀምረዋል።

ሐሙስ የአሠራሩን ማስታወሻ ስጽፍ ክው አልኩ። የማነጻጸሪያዎቹን ፈሳሽ አንድም ቀን አልቀየርኩም። ደህና ነገር መድፋት ሐራም ነው ተብዬ ነው ያደግሁት፤ ምንም ያልሆነ ፈሳሽ ለመድፋት እጄ እንቢ ብሎ። አስትሮሳይት ግን ፈሳሹ በተቀየረ ቁጥር ይረበሻል። ሴሎቹ የደከሙት በፔፕታይዱ ይሁን በእኔ መነካካት፣ ከእንግዲህ መለየት አይቻልም።

ጁምዓን አል ሻጢእ ባሕሩ ዳር ተቀምጬ ዋልኩ። ዝም ብል ማንም አያውቅም፤ ብናገር ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ ተመትቶልኝ ልጆቼን ይዤ ወደ አገሬ ነው።

እሑድ ጠዋት ቢሯቸው ገብቼ ነገርኳቸው።

“ይህን ሌላ ማን ያውቃል?” አሉኝ።

“አላህና እኔ። አሁን ደግሞ እርስዎ።”

“ኸላስ። ዛሬ አናቀርብም።”

ውሌ ለሦስት ወር ብቻ ተራዘመ። ከሴሎቹ አርቀው ዕቃ አጣቢ አደረጉኝ፤ አለቀስኩ። ሥራውን ራሳቸው ደገሙት፣ የሁሉንም ሳህን ፈሳሽ በየቀኑ እየቀየሩ። ድካሙ እውነት ነበር፤ ግን መጀመሪያ ካየነው ግማሹ ብቻ። የቀረው ግማሽ የእኔ እጅ ያመጣው ነው።

ጠርተው አዲሱን ውጤት የያዘውን ወረቀት አሳዩኝ፤ ቀጥሎ ሙሉ ውሉን አስፈረሙኝ።

ለምትጀምሩ ልጆች፦ ፔፕታይድ ያልገባበትን ሳህን የገባበትን ያህል ንኩት።