በሌለኝ ምድጃ የተዘጋችው ሻይ ቤቴ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ የምርጫ ወሬ በሞቀበት ሰሞን ነው። ጊዜው ቢያልፍም አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ያልደረሰብኝን ደረሰባት ተብሎ እንጀራዬ ስለተዘጋ እንዲህ በቀላሉ የሚረሳኝ አይደለም።

መርካቶ ጥግ፣ መሳለሚያ አካባቢ ትንሽ ሻይ ቤት አለችኝ። ሻይ፣ ቦንቦሊኖና ፉል እሸጣለሁ። ደንበኞቼ ተሸካሚዎች፣ የሚኒባስ ሾፌሮችና የሰፈሩ ነጋዴዎች ናቸው። ቤቱን ያከራዩኝ ሀጂ ኑሪ ይባላሉ። ከጎኔ ባለው ሱቅ የስፖንጅ ፍራሽ በጅምላ የሚሸጡ ጨዋ ሰው ናቸው። የማበስለው በከሰል ነው፤ ጭሱ ዓይኔን ጨርሶታል።

አንድ ጠዋት ካሜራ የያዙ ሰዎች መጡ። መሪያቸው ኮት የለበሰ፣ ሲናገር አንደበቱ የማይያዝ ሰውዬ ነው።

«እትዬ፣ በኢታኖል የሚሠራ ምድጃ አምጥተንልዎታል» አለኝ።

ኢታኖል ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ከስኳር ተረፈ ምርት፣ ከሞላሰስ፣ የሚወጣ ነዳጅ ነው፤ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ መኪና ያስነዳል፣ ለማድ ቤትም ይሆናል አለኝ። አዲስ የኢታኖል ፋብሪካ ይሠራ፣ አይሠራ በሚል ፖለቲከኞቹ እየተከራከሩ ነበር። እነዚህ ይሠራ የሚሉት ናቸው። ጥቅሙን በተግባር የምታሳይ ሴት ፈልገው እኔ ቤት ገቡ።

ምድጃውን ለኮሱልኝ። እውነቱን ልናገር፣ ወደድኩት። እሳቱ ሰማያዊ ነው። ጭስ የለው፣ የድስት ቂጥ አያጠቁር። ትንሽ አረቄ አረቄ ይሸታል። አንዱ ሾፌር «እትዬ ወይንሸት፣ የዛሬው ሻይ ያሰክራል እንዴ?» ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው። እኔም ካሜራው ፊት «ዓይኔ አረፈልኝ፤ እንደ እኔ ጭስ ያቃጠላት ሴት ሁሉ ብታገኘው ደስ ይለኛል» አልኩ። ማንም አላስገደደኝም፣ ከልቤ ነው።

ቀረጻው እንዳለቀ ዕቃቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። አንደኛው የጣድኩትን ፉል አውርዶ በርጩማ ላይ አስቀመጠና ምድጃውን በጨርቅ ጠቀለለው።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«ለማሳያ የመጣ ነው እትዬ» አለ ባለ ኮቱ። «ፋብሪካው ሲሠራ ለሁሉም ይዳረሳል።»

ፉሉ ገና አልበሰለም። ደንበኞቼ ተቀምጠው እየጠበቁ ነው። ምን ላድርግ፣ ከሰሌን አቀጣጠልኩ። ያን ዕለት በሰዎቹ ድፍረት ስቄ አለፍኩ። የሚያስለቅሰው ገና ወደፊት ነበር።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን ማለዳ ሀጂ ኑሪ ገቡ። ሌላ ጊዜ ሰላምታቸው ረጅም ነው፤ የቤተሰቤን ጤና ሳይጠይቁ አይቀመጡም። ያን ዕለት ግን ዓይናቸው ማእዘን ማእዘኑን ይፈልጋል።

«ወይንሸት፣ ያ ነገር የት አለ?»

«ምኑ ሀጂ?»

«የፈነዳብሽ ምድጃ ነዋ!»

ስልካቸውን አውጥተው አሳዩኝ። ፋብሪካው አይሠራ የሚሉት እነ ባለ ኮቱ ያሰራጩትን ያንኑ ቀረጻ ቆራርጠው ለቀውታል። የተናገርኩት ተቆርጦ ወጥቷል። ክንዴ ላይ ያለው የቃጠሎ ጠባሳ ግን እንዲጎላ ተደርጎ፣ አንድ ሰው በሐዘን ድምፅ «የኢታኖል ምድጃ ፈንድቶ በመርካቶ እናቶች ላይ ያደረሰው ጉዳት ይህ ነው» ይላል። ጠባሳው ገና በወጣትነቴ ቦንቦሊኖ ስጠብስ የፈላ ዘይት ፈስሶብኝ የቀረ ነው!

«ሀጂ፣ በአላህ ይመኑኝ፣ ይሄ የዘይት ነው። ምድጃውንም ያኔውኑ ይዘውት ሄደዋል» አልኳቸው።

ሀጂ ግን ደንግጠዋል፤ አልፈርድባቸውም። እኛ ሰፈር እሳት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አንድ ሱቅ ከተያያዘ ተራው በሙሉ ይነድዳል። የሳቸው ዕቃ ደግሞ ስፖንጅ ነው። ጎረቤቶቹም እየሰሙ መጡ። ቤቴን ፈትሹ ብዬ አስገባኋቸው፤ ምንም አላገኙም። ያም ሆኖ «ሌላ ቦታ ደብቃው ይሆናል» የሚል አልጠፋም። በመጨረሻ ሀጂ አንገታቸውን ደፍተው «ልጄ፣ ነገሩ እስኪጣራ ዝጊው» አሉኝ። ዘጋሁ። የሌለኝ ምድጃ ቤቴን አስዘጋኝ።

ለቀረጻ ሲመጣ ስልኩን ሰጥቶኝ ስለነበር ለባለ ኮቱ ደወልኩለት። «ፖለቲካ ነው እትዬ፣ አይጨነቁ፤ እኛም መልስ እያዘጋጀን ነው» አለኝ። የእኔ በር ተዘግቶ እሱ መልስ ያዘጋጃል! ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

በዚያው ሰሞን ስለ ፋብሪካው የሕዝብ ውይይት አለ ሲባል ሰማሁ። ሀጂን «አብረውኝ ይምጡ፣ በጆሮዎ ይስሙ» ብዬ ለመንኳቸው፤ ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ሁለቱም ወገኖች መድረክ ላይ ተቀምጠዋል። ባለ ኮቱ ተነስቶ የመርካቶ እናት ስለ ኢታኖል እንደመሰከረች አወራ። ከወዲያ ያለው ደግሞ የመርካቶ እናት እንደተቃጠለች አወራ። ያቺ እናት እታች ተቀምጣ ትሰማቸዋለች፤ ቀና ብሎ ያያት ግን የለም።

እጄን ባወጣ፣ ባወጣ የሚያየኝ ጠፋ። ሀጂ ኑሪ በዚያ ጎርናና ድምፃቸው «ለሷ ስጧት እንጂ! የምታወሩት እኮ ስለሷ ነው!» ብለው ጮኹ። ሰው ሁሉ ዞረ። ማይክ እስኪመጣልኝ አልጠበቅሁም። ተነስቼ እጅጌዬን ጠቀለልኩ።

«የመርካቶ እናት የምትሏት እኔ ነኝ» አልኩ። «ይህ ጠባሳ የዘይት ነው። ከየት መጣ ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። እናንተ ደግሞ ፉሌን ከእሳት አውርዳችሁ ምድጃውን ይዛችሁ ሄዳችሁ፤ ዛሬም የምጠቀምበት አስመስላችሁ ታወራላችሁ። ፋብሪካውን ብትሠሩም ባትሠሩም የእናንተ ጉዳይ ነው። እኔ ግን በእናንተ ጭቅጭቅ ቤቴን ዘግቼ ተቀምጫለሁ። ልጆቼን ምን ላብላ?»

የሚያጨበጭብ ነበር፤ «እውነቷን ነው!» የሚልም ነበር። ሰብሳቢው «ገንቢ አስተያየት ነው፣ እናመሰግናለን» አለና ለቀጣዩ ተናጋሪ ዕድል ሰጠ። በቃ፣ ይኸው ነው።

በሩ ላይ ስንደርስ ባለ ኮቱ እየሮጠ መጣ።

«እትዬ፣ ግሩም ነበር! ጠባሳው የዘይት መሆኑን ነገ ካሜራ ፊት ይድገሙልን። ምድጃውንም ይዘንልዎት እንመጣለን።»

«ትታችሁልኝ ትሄዳላችሁ?» አልኩት።

ኮቱን ማስተካከል ጀመረ። ሀጂ ኑሪ መሀላችን ገቡና «አንተ ሰው፣ አታፍርም?» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ነይ ልጄ፣ እንሂድ። ነገ ቤትሽን ክፈቺ» አሉኝ።

በማግስቱ ከሁሉም ሰው ቀድመው መጥተው፣ አላፊ አግዳሚው እንዲያያቸው በሩ ላይ ተቀምጠው ሻይ አዘዙ። ጎረቤቶቹንም በስም እየጠሩ አስገቡልኝ። የጠረጠሩኝ ሁሉ አንድ በአንድ ተመለሱ።

ፋብሪካው ተሠራ፣ ቀረ የሚለውን እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ቪዲዮው ግን አሁንም በየሰው ስልክ ይዞራል። በዚያ አዳራሽ ተነስቼ መናገሬ ደስ ይለኛል፤ ንዴቱ ግን አልወጣልኝም። ምድጃውንም ካሳውንም ይተዉት። ከሁለቱ ወገን አንድ ሰው፣ ካሜራ ሳይዝ፣ ቤቴ መጥቶ «እትዬ ወይንሸት፣ በድለንዎታል» ቢለኝ ይበቃኝ ነበር።