ኮሌጃችን ሻኪሶ ላይ የተሸነፈበት ምክንያት

የኮሌጃችንን የእግር ኳስ ቡድን ታሪክ እንድጽፍ ተጠየቅሁ። ዋንጫ ፍለጋ ለሚያነበው ሰው አስቀድሜ ልንገረው፤ የለም። አንድም አላነሣንም። እኔ የምጽፈው ስለ አንድ ሽንፈት ነው፤ ሰበቡም እኔው ነኝ።

የወታደር ልጅ ነኝ። ያደግሁት ነገሌ ጦር ሰፈር ውስጥ ነው። እዚያ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው ሰው ሁሉ የሚግባባው በአማርኛ ስለነበር ኦሮምኛ ሳልችል ጎረመስኩ። መንግሥት ተለውጦ አባቴ መለዮውን ሲያወልቅ ጎጃም አልተመለሰም፤ ከተማው ውስጥ ቤት ተከራይተን ቀረን። እኔ ለመምህርነት ኮሌጅ ስገባ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በኦሮምኛ ሆኗል። የማስተማር ልምምዱን ካላለፍኩ ሥራ የለም። አባቴ ደግሞ ቁርጡን ነግሮኛል፤ ሥራ ካላገኘሁ ጓዛችንን ጠቅልለን እኔ አይቼው ወደማላውቀው አገሩ ልንሄድ ነው።

ይህንን ለቡድናችን አምበል ነገርኩት። የሊበን ከብት አርቢ ልጅ ነው፤ ወሬ አያበዛም። በማግስቱ ልምምድ ላይ ሁሉንም ሰበሰበና «ከዛሬ ጀምሮ እሱ በአማርኛ ከጠራችሁ ኳስ እንዳትሰጡት» አለ። ወደ እኔም ዞሮ «አስ ኬኒ በል፤ ወዲህ ስጠኝ ማለት ነው። ሌላውን እየሮጥክ ትማራለህ» አለኝ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሻኪሶ ላይ ከወርቅ ቆፋሪዎቹ ቡድን ጋር ስንጫወት፣ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አንድ ለአንድ ነበርን። ተከላካያቸውና ግብ ጠባቂያቸው ተጋጭተው ወደቁ። ባዶ ግብ ፊት ብቻዬን ቆሜ «አቀብለኝ!» ብዬ ጮህኩ። አምበላችን አየኝ። እያየኝ ኳሱን ወደ ኋላ መለሰው፤ እነሱም ቀምተው ሄደው አገቡብን።

ስንመለስ መኪናው ላይ ከሁሉም ርቄ ኋላ ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር ልደበድበው አስቤ ነበር። እሱ ግን መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ዋንጫ ለከርሞም አለ» አለኝ። «አንተ ግን በዚህ አያያዝህ ለከርሞ እዚህ የለህም።»

ሌሎቹም ሰምተዋል፤ አንድም የወቀሰው አልነበረም። እኔ እንዳልሄድባቸው ብለው መሸነፋቸው ያኔ ገባኝና አፈርኩ። ከዚያ ወዲያ ኳስ በኦሮምኛ ለመንኩ። ስሳሳት እየሳቁም ቢሆን ይሰጡኝ ነበር።

የማስተማር ልምምዱ ዕለት ገምጋሚው መምህር ከክፍሉ ኋላ ተቀምጠው ልጆቹን ሒሳብ አስተማርኩ። ሲያበቃ ጠሩኝና «አልፈሃል፤ ኦሮምኛህ ደህና ነው። ግን ምን ያስጮህሃል?» አሉኝ። ለካ ቋንቋውን የማውቀው ጮክ ብዬ ብቻ ነው፤ ሜዳ ላይ ማን በዝግታ ያወራል?

እነዚያን የቡድን ልጆች ዕድሜ ልኬን አመሰግናቸዋለሁ። ጓዛችን ሳይጠቀለል ቀረ፤ አባቴም አርጅቶ እዚሁ ነገሌ አረፈ። ሬሳውን ከተሸከሙት ውስጥ አራቱ የቡድናችን ልጆች ነበሩ። አገሩ ብንሄድ ኖሮ ማን ይሸከመው ነበር እያልኩ አስባለሁ፤ እዚያ የሚያውቀው ሰው አልቆ ነበር።