ዘይቱ እስኪጠራ

«ንገሩት ለነፋስ፣ መስኮቴን አይንካ፣
እኔም እንደሱ ነኝ...»

ከዚህ በኋላ ያለው ጠፍቶታል። የጠፋውን ስንኝ በማንጎራጎር ይሞላዋል። የትራክተር መካኒክ ነው። እጁ ባዶ ከሆነ እግሩ ይነሳል፤ እግሩ ከቆመ ደግሞ ጣቱ ያገኘውን ቆርቆሮ ይደበድባል። ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲዘል የሚያዩት የሰፈር ሰዎች «ቁንጫ» የሚል ስም አወጡለት፤ እሱም ሲጠሩት «አቤት» ይላል።

ያን ቀን እያንጎራጎረ በእህቱ ማሳ ላይ ይመላለስ ነበር። ታላቁ ናት፤ እናታቸው ካረፈች ወዲህ የምትቆጣውም የምታባብለውም እሷ ብቻ። ትንሿ ትራክተሯ ማሳው መሃል ተገትራለች። ማረሻውን የሚያነሳው ሃይድሮሊክ እምቢ ብሏል፤ ማረሻው ትንሽ ብድግ ይልና እየተንቀጠቀጠ ተመልሶ አፈር ላይ ዘፍ ይላል፤ ከሥር የሆነ ነገር ሲጥ፣ ሲጥ ይላል። የማሳው ግማሽ ታርሷል፤ ግማሹ እንደ ተጠማ ከንፈር ተሰነጣጥቆ ይጠብቃል። ደመናው ጠቁሮ እየቀረበ ነው። አፈሩ ደግሞ መረሬ ነው፣ አንዴ ከራሰ ጎማ አያስገባም። ዛሬ ካልታረሰ የዚያ ግማሽ መሬት ዘር ለዘንድሮ አለቀለት።

«ፓምፑ ነው» አለ መፍቻውን እያነሳ። «ፓምፑ ሄዷል፣ እታለም። አሁን ፈትቼ...»

«ቀስ በል እንጂ! ዘይቱን አይተሃል?»

አላየም። መለኪያውን መዘዘ። ዘይቱ ልኩ ላይ ነው፤ ግን ማር መምሰሉ ቀርቶ እንደ ወተት ነጥቷል፣ አረፋ ሞልቶታል።

«አየር እየሳበች ነው» አለ፤ ድምፁ ዝቅ አለ። «አየር ደግሞ ማረሻ አይሸከምም።»

«በየት በኩል ነው የምትስበው?»

«በፓምፑ ነዋ!»

«ባለፈው ሳምንት ደህና ነበረች። ከዚያ ወዲህ ማን ነካት?»

ወደ ደመናው አየ፤ ወደ ጫማው አየ።

«እኔ። የዘይት ማጣሪያ ፊልትሮዋን ቀየርኩላት።»

«እንግዲያ ከነካህበት ጀምራ!»

ከሥር ሳፋ ደቅኖ ፊልትሮውን ፈታ። ዘይቱ እስከ ክርኑ ወረደ። ፊልትሮው ከነጎማ ቀለበቱ ደህና ነው። ጣቱን ሰዶ ፊልትሮው የሚቀመጥበትን ብረት ሲዳስስ ግን ሌላ ቀለበት አገኘ፤ ጠፍጣፋ፣ የደረቀ፣ ከብረቱ ጋር የተጣበቀ። የአሮጌው ፊልትሮ ቀለበት ነው። ያን ዕለት ሌላ ሥራ እየጠበቀው ስለነበር፣ ሳያይ አዲሱን በላዩ አጥብቆበት ሄዷል። ሁለቱ ተደራርበው ሳይገጥሙ ቀሩ፤ በመካከላቸው አየር መንገድ አገኘ።

እህቱ ጀርባዋን ሰጥታው ሰማዩን ታያለች። አሮጌዋን ቀለበት ኪሱ ከቶ «ፓምፑ ነበር፣ ጠበቅ አደረግኩት» ቢል ማን ያውቅበታል? አንድ እርምጃ ወደዚያ፣ አንድ እርምጃ ወደዚህ አለ።

«እታለም» አለና እጁን ዘረጋ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

የሆነውን ነገራት። ቀለበቷን ተቀብላ አገላበጠቻት። ውርጅብኙን እየጠበቀ አንገቱን ደፋ።

«ቀለበት ልታመጣልኝ ካሰብክ ወርቁ አይሻልም ነበር?» ብላ ሳቀች። ወዲያው ፊቷ ኮስተር አለ። «ዝናቡ ከቀደመን ግን አልስቅልህም፤ እወቀው።»

ብረቱን ጠረገ፣ አዲሱን ቀለበት በዘይት አርሶ ፊልትሮውን በእጁ አጠበቀ፣ የጎደለውን ሞላ።

«በይ አስነሺያት!»

«አረፋው ሳይወርድ?» ብላ ቁልፉን ነቅላ ጉያዋ ከተተችው።

መካኒኩ ትራክተሯን ዞረ፤ ደግሞ ዞረ። መለኪያውን ይመዛል፣ ይጠርጋል፣ ይመልሳል። ነጭ ነው። መንገድ እንደ ሄደ ሰው ነው ዘይቱ፤ መንገዱን ባዩለት ቁጥር የሚዘገይ። ነጎድጓዱ አጉረመረመ።

«ደግሞ አየኸው? ተወው፣ ያፍራል!»

«ደመናውስ ይጠብቃል ወይ?»

በመጨረሻ የመዘዘው ዘይት ጠርቶ፣ እንደ ንጹሕ ማር አበራ። እህቱ አስነሳች፤ እጀታውን ሳበች። ማረሻው ጓል እያራገፈ ተነሳ፣ ከፍ አለ፣ ሳይንቀጠቀጥ አየር ላይ ቆመ። ሲጥታውም የለም።

ማረስ ጀመረች። እሱ ጆሮውን አቁሞ ከጎኗ ይሮጣል።

«ምን ትከተለኛለህ? ጥላዬ ነህ? ምሳው ዛፉ ሥር ነው፣ ሂድና ብላ!»

ዛፉ ሥር ሄደ፤ ቆመ። ማረሻው ጥግ ደርሶ በተነሳ ቁጥር ትንፋሹን ይውጣል፤ ሲወርድ ይተነፍሳል። የቀረው ደረቅ መሬት እየጠበበ፣ የሰማዩ ጥቁረት እየሰፋ መጣ። የመጀመሪያዋ ጠብታ ግንባሩ ላይ ስታርፍ፣ እህቱ የመጨረሻውን ትልም ጨርሳ ማረሻውን ከፍ አድርጋ ወጣች።

ያን ጊዜ የዛፉ ሥር ላይ ቁጭ አለ፣ እጁን በሣር ጠረገ፣ ለእሷ ቦታ ትቶ ዳቦውን ቆረሰ።