የኮሶዬው ጉርሻ

የመሥሪያ ቤት ግብዣ ሥነ ሥርዓት የተማርሁት ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ አዳራሽ ውስጥ ከአሰልጣኝ፣ ቀጥሎ ኮሶዬ ላይ ከጥብስ ሸክላ። የአዳራሹን አብዛኛውን ረስቼዋለሁ።

አሰልጣኙ «ሹካ በግራ፣ ቢላ በቀኝ፤ ሲተዋወቁ የሰውን ዓይን ይዩ» እያለ ግማሽ ቀን ፈጀብን። እኔ የሳንጃ ልጅ ነኝ፤ በእኛ ቤት ታላቅን ዓይን ዓይኑን ያየ ልጅ ቁጣ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ሥልጠናውን በሆዴ እየሳቅሁ ጨረስሁት። ያደሉን ወረቀት ስድስት ገጽ ነበር፤ ስለ ጉርሻ ግን አንድ ቃል አልነበረበትም።

ያኔ አንድ የመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ውስጥ በቅየሳ ከተቀጠርሁ አራት ወር ቢሆነኝ ነው፤ የሙከራ ጊዜዬን ገና አልጨረስሁም። ሥራውን ያስተማሩኝ ሁላችንም «ሐጂ» የምንላቸው አንጋፋ ቀያሽ ናቸው። የተወለዱት ጎንደር ውስጥ ከቆየ የሙስሊም ነጋዴ ቤተሰብ ነው፤ ንግዱን ለወንድሞቻቸው ትተው ዕድሜያቸውን ዳገት ለዳገት ሲለኩ የኖሩ፣ ለአንዲት ሚሊ ሜትር እንቅልፍ የሚያጡ ሰው። ልኬት ሳበላሽ ለአለቃ አልነገሩብኝም። «ምነው፣ ረጋ በል እንጂ» ይሉኝና አብረውኝ ዳገቱን እንደገና ይወጡ ነበር። እኒህን ሰው በአደባባይ የማሳፍርበት ቀን ይመጣል ያለኝ ሰው ቢኖር እጣላው ነበር።

ቀኑ ግን መጣ። ከባሕር ዳር የመጡ ኃላፊዎች ሥራችንን ጎብኝተው ሲጨርሱ ከጎንደር ወጣ ብሎ ባለው ኮሶዬ ላይ ምሳ ተዘጋጀላቸው፤ እኔም አስተናጋጅ ሆኜ ተመደብሁ። እንደ አገሩ ደንብ ሁለት በግ ተገዛ። ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን እርድ አይበላም። የሙስሊሞቹን በግ ያረዱት ራሳቸው ሐጂ ናቸው፤ እግሩን የያዝሁላቸው ደግሞ እኔ። ማን የትኛውን እንደሚበላ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም ማለት ነው።

እርዱ ቢለይም ማዕዱ አንድ ነው። ሁሉም ትከሻ ለትከሻ ይቀመጣል፤ የየራሱ የጥብስ ሸክላ ከፊቱ ይቀርብለታል። ጨዋታው ደራ። ሥራ አስኪያጃችን ሲስቁ ሳይ፣ መስተንግዶው ሁሉ በእኔ ጉብዝና የተሳካ መስሎኝ ልቤ አበጠ። ከእርሳቸው ሸክላ ትልቅ ትልቁን እየጠቀለልሁ እንግዶቹን ማጉረስ ጀመርሁ። እንግዶቹም «እደግ፣ ተመንደግ» እያሉ ይመርቁኛል። ምርቃቱ ሳያሰክረኝ አልቀረም። ሌላ ጠቅልዬ ዞር ስል ሐጂን አየሁ። ያን ሁሉ ዳገት አብረውኝ የወጡትን ሰው ሳላጎርስ እንዴት አልፋለሁ? «በሞቴ፣ ሐጂ!» ብዬ እጄን ወደ አፋቸው ዘረጋሁ።

አፋቸውን አልከፈቱም። የሚግደረደሩ መሰለኝና «አፈር ስሆን!» ብዬ ይብሱን ተጠጋሁ። ማዕዱ ሁሉ ወደ እኛ ዞረ፤ አንዱ እንግዳ ፎቶ ሊያነሳን ስልኩን አወጣ። ሐጂ መጀመሪያ ፊታቸው ያለውን ሸክላ፣ ቀጥሎ እጄን አዩ። ያኔ ገባኝ። የያዝሁት ከሥራ አስኪያጁ ሸክላ የጠቀለልሁት የክርስቲያን ሥጋ ነው። በእኛ አገር «በሞቴ» የተባለበትን ጉርሻ ሰው ፊት መመለስ ስድብ ነው፤ እርሳቸው ደግሞ ሊቀበሉኝ አይችሉም። እጄን እንዳልሰበስብ አፈርሁ፣ እንዳልገፋበት ፈራሁ።

ሐጂ የእጄን አንጓ ያዝ አደረጉና ከት ብለው ሳቁ። «አይ አንተ! እንግዳ ተቀምጦ የቤት ሰው ይቀድማል? እኔ ያስተማርሁህ ይሄን ነው?» እያሉ እጄን ከጎናቸው ወደተቀመጡት ክርስቲያን የባሕር ዳር ኃላፊ አዞሩት። ሰውየው እየሳቁ ጎረሱ። ሐጂ ቀጠሉና ጣቶቼን ገልጠው አዩ። «ውይ፣ ሸክላው አቃጥሎሃል! ና ታጠብ።» ከመቀመጫቸው ተነሥተው ማንቆርቆሪያውን አነሡ። የአባቴ ታላቅ የሚሆኑ ሰው ቆመው እኔን አስታጠቡኝ። «ኧረ ሐጂ፣ ለእኔ ይስጡኝ» ብል አልሰማ አሉኝ። ጣቶቼ እስኪጠሩ ድረስ ሳይቸኩሉ አፈሰሱልኝ። ከዚያ ቁጭ አሉና የራሳቸውን ሸክላ ወደ እኔ ጠጋ አደረጉት።

«አሁን የእኔን አምጣ» አሉ።

ጠቅልዬ አጎረስኋቸው። ማዕዱ አጨበጨበ፤ ፎቶውም የተነሣው ያኔ ነው። ዛሬም ስልኬ ውስጥ አለ። ሁለታችንም እንስቃለን፤ የእኔ ጣቶች ግን ገና አልደረቁም።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን የከፈትሁት ጎንደር ልንገባ ስንል ነው። «ሐጂ፣ ዛሬ ያደረግሁት ነገር...» ብዬ ሳልጨርስ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «እጅህ ዳነ ወይ?» አሉኝ። ሥራ አስኪያጁ ከፊት ዞር ብለው «ምን ሆነ?» አሉ።

«ሸክላ አቃጥሎት ነው» አሉ ሐጂ።

ለአንዲት ሚሊ ሜትር የማይዋሹት ሰው ለእኔ ብለው ዋሹ። ወደ መስኮቱ ዞርሁ።

የሙከራ ጊዜዬ በሰላም አለፈ። ከዚያ ወዲህ ሸክላውን ሳላይ ጠቅልዬ አላውቅም፤ ይሄ ግን ማንም የሚለምደው ጥንቃቄ ነው። እኔ ከሐጂ ያገኘሁት የሚበልጠውን ነው። ያሳፈራቸውን ልጅ ሳያሳፍሩ መለሱት። እግዜር ያክብርልኝ።

አምና ጡረታ ሲወጡ የሽኝት ምሳቸውን ያሰናዳሁት እኔ ነኝ። እጅ መታጠቢያው ሲመጣ ማንቆርቆሪያውን ከአስተናጋጇ ተቀብዬ ጎንበስ ብዬ አስታጠብኋቸው። ጣቶቻቸውን እያሹ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «እጅህ ዳነ ወይ?» አሉኝ።

ጎንበስ እንዳልሁ ስለነበር እንባዬን ማንም አላየውም።

«ዳነ፣ ሐጂ» አልኋቸው።